የማይዘቀዘቅ ኩታ

በደብረ ታቦር ያን ጊዜ ሰው ሥራውን ጥሎ ለማየት የሚወጣው ለሁለት ነገር ነበር፤ ጦር ከዘመቻ ሲመለስና ሸማኔው ጌጡ በበቅሎ ሲያልፍ። ጦሩስ እሺ። ሸማኔ ግን ጥላ አስይዞ፣ ከፊትም ከኋላም አሽከር አሰልፎ፣ የኢየሱስን ዳገት እንደ መኳንንት ሲወጣ ሳየው ሆዴ እርር ይል ነበር። ቅናት ነው ያሉኝ አሉ። ይበሉ። ያ ሰው የሽመና ዕቃውን በትከሻው አንጠልጥሎ ከበለሳ በእግሩ ሲመጣ መጀመሪያ ውኃ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ዘነበች እባላለሁ። በወይዘሮ ሠርካለም ግቢ የፈታዮቹ አለቃ ነበርሁ። ወይዘሮ ሠርካለም የደጃዝማቹ ባለቤት ናቸው፤ ከእልፍኝ እስከ በረት በቤታቸው የሚለበሰው ሁሉ፣ ጥጡ የሚነደፈውም የሚፈተለውም በእኔ ዓይን ሥር ነው። ስለዚህ ስለ ልብስ የምናገረው ዝም ብዬ አይደለም። ሰው ሲመጣ ከፊቱ በፊት ልብሱን አያለሁ። ክፉ አመል ነው፤ ግን ከልጅነቴ አብሮኝ አድጓል፣ ሊለቀኝም አልቻለም።

ጌጡ ሲመጣ ማንም በደህና ዓይን አላየውም። ሸማኔ ቡዳ ነው እየተባለ እናቶች ልጆቻቸውን ይሸፍኑበት ነበር። እኔ ግን የመጀመሪያውን ኩታ ሠርቶ ሲያመጣ ዳሰስሁት፣ ወደ ፀሐይ አነሣሁት፣ ከዚያ ሰውየውን አጠገቤ አስቀምጬ አበላሁት። ኩታው ነጭ ነበር። ጥለቱ ከአንድ ጣት አይሰፋም። የለበሰው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ሰውየውን ነው፤ ቆይተህ፣ ሊሄድ ሲነሣ፣ ጥለቱን ታያለህ። ለእኔ ልብስ ማለት ይኸው ነው። ስሙ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ከሁሉ ቀድሞ ደስ ያለው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፣ ይህን የሚክደኝ የለም።

ከዚያ ስሙ ሥራውን ይቀድመው ጀመር። በኩታው ጥግ ላይ ትንሽ ጥቁር ቋጠሮ ያስቀር ነበር። የእሱ እጅ መሆኑ እንዲታወቅ ያህል ነው እንጂ ፈልጎ ካላገኛት በቀር ማንም አያያትም። በኋላ ቋጠሮዋ እየወፈረች ሄደች። መኳንንቱም ያቺ ቋጠሮ ወደ ፊት እንድትወጣላቸው የኩታ አጣጣላቸውን ለወጡ። አንድ ዲያቆን አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ ቅዳሴ መካከል ጧፉን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቋጠሮዋን ወደ ደረቱ ሲጎትት በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥራውም ስሙን ተከተለ። አንድ ጣት የነበረው ጥለት መዳፍ ሆነ፣ መዳፉ ስንዝር ሆነ። ከምጥዋ የመጣ ቀይ ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ጥለት ውስጥ ገባ። ዘመኑ የጦር ዘመን ነው፤ ሰው መታየት ይወድዳል፣ ይህን አልነቅፍም። ግን ያን ቀይ የለበሰ ሰው ሲመጣ የምታየው ጥለት ብቻ ነው፤ ሰውየው ተሸክሞት ይመጣል። ለራሱ ለጌጡም ይህንኑ ነገርሁት። «እትዬ፣ አንቱ ፈትልዎን ይፈትሉ» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው፤ ቢሆንም አለኝ።

ባለሁለት ጥለቱ ኩታ የወጣው ደጃዝማች ንጉሡን ተከትለው ወሎ በዘመቱበት ዓመት ነው። ኩታ መቼም ሁለት እጥፍ ነው። ጨርቁ ከመካከሉ ሲታጠፍ ሁለቱ ጫፎች ታች ይገናኛሉ፤ ጥለቱ ጫፎቹ ላይ ስለሆነ ታች ይውላል፣ ላይኛው እጥፋት ባዶ ነጭ ነው። በደህና ቀን እንዲህ እንለብሰዋለን። ሰው የሞተብን ቀን ግን እንዘቀዝቀዋለን፤ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል፣ ነጩ ወደ ታች ይወርዳል። ሐዘንተኛ ምን ደረሰብህ ተብሎ አይጠየቅም። ማዶ ጋራ ላይ የሚያርስ ሰው እንኳ አይቶት በሬዎቹን ያቆምለታል። መርዶ የሚያመጣ ሰውም ከሩቅ ዘቅዝቆ ይመጣል፤ እሱ አፉን እስኪከፍት የአንተ ልብ ትንሽም ቢሆን ይዘጋጃል።

ጌጡ እጥፋቱም ላይ ጥለት ጣለበት። ላዩም ታቹም ቀይ ሆነ።

ለወይዘሮ ሠርካለም ይዞት የመጣ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ኩታውን በክንዱ ላይ ዘርግቶ ወደ በሩ ብርሃን ዞር ሲያደርገው ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ «ውይ!» አሉ። እውነት ለመናገር እኔም ውይ ብያለሁ። ያምር ነበር። ወይዘሮ ሠርካለም የደጃዝማች መመለሻ ቀርቧልና ግቢው በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ይህን ለብሶ ይቀበላቸው ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘነበች፣ ምነው ዝም አልሽ? ያንቺ ዝምታ ደግሞ ከሰው ስድብ ይብሳል።»

«ሥራው ያምራል፣ እመቤቴ» አልሁ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቀው። ሰው የሞተበት ይህን ኩታ እንዴት አድርጎ ይዘቅዝቀው?»

ባሎቻቸው ዘመቻ ላይ ባሉ ሴቶች ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም። ወይዘሮ ሠርካለም ፊታቸው ጠቆረ፣ አማተቡም።

ጌጡ ግን ሳቀ። «ላይኛው ጥለት ከታችኛው በአንድ ቀይ ክር ይበልጣል፣ እትዬ። ዓይን ያለው ሰው ይለየዋል። ባላገር ካልለየው እኔ ምን ላድርግ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባላገሮቹ ከሁሉ አብልጠው ሳቁ። ያቺ አነጋገር በማግስቱ ገበያ ደረሰች። ባለሁለቱን የለበሰ ሁሉ ላዩን ከታቹ እለያለሁ ይል ጀመር። አልለይም ማለት ባላገር ነኝ ማለት ሆነ፤ ማንስ ይላል?

ፈትል ላደርስ ወደ ጌጡ ቤት ስሄድ የማየውን ደግሞ ልናገር። ወጣት ሸማኔዎች በየሽመና ጉድጓዳቸው ተቀምጠዋል፤ መወርወሪያው ይንጫጫል። ጌጡ መደብ ላይ ምንጣፍ አስነጥፎ እንግዳ ያነጋግራል። አንድ ቀን ልቃቂቱን ስሰጠው መዳፉ መዳፌን ነካ፤ እንደ ቄስ መዳፍ ለስልሷል። «መወርወሪያ ከያዝህ ስንት ጊዜህ ነው?» አልሁት። «አሁንማ ስሜ ይሠራል፣ እትዬ» አለና ለእንግዶቹ ጠላ አስቀዳ። የተናገረው በኩራት ነበር፤ እኔ ግን አንጀቴን በላኝ።

ከፈታዮቼ መካከል ፈንታነሽ የምትባል ልጅ ነበረች። እንዴት ያለ ቀጭን ክር ታወጣ ነበር! ባሏ ወርቁ የደጃዝማች ጋሻ ጃግሬ ሆኖ ዘምቷል። ከባሏ አባት ከአያ ወልደሚካኤል ጋር በአንድ ግቢ ትኖር ነበር፤ እሳቸውም ሌላ ልጅ ስለሌላቸው እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት። ሌሎቹ ሴቶች ስለ ባሎቻቸው ሲያወሩ ፈንታነሽ ትስቃለች እንጂ አታወራም። ግን ወደ ጋይንት የሚወስደውን መንገድ የሚያሳየውን ቦታ ለማንም ለቅቃ አታውቅም፤ ሁልጊዜ እዚያ ተቀምጣ ነበር የምትፈትለው።

የጦሩ ጓዝ ጋይንት ደረሰ ሲባል ወይዘሮ ሠርካለም ወሬ እንዲያመጣ ማሩ የሚባለውን አሽከራቸውን ላኩት። ባለሁለቱን ኩታ አልብሰው ነው የላኩት፤ የቤታቸው ሰው መሆኑ ከሩቅ እንዲታይ።

ማሩ የተመለሰ ዕለት እኛ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን እንፈትል ነበር። ወቅቱ የመውቂያ ነው፤ ከታች ከአያ ወልደሚካኤል አውድማ የበሬ ነጂዎቹ ዜማ ይሰማል። ማሩ ከጋራው አናት ብቅ አለ። ሁላችንም መጀመሪያ ያየነው እግሩ ሥር የሚያበራውን ቀይ ጥለት ነው። «ጥለቱ ታች ነው! ደህና ናቸው!» አለች አንዷ። እኔም አየሁት፤ ልቤ ወለል አለልኝ። በዚያች ቅጽበት ላዩና ታቹ አንድ መሆኑ በእኔ በራሴ ሐሳብ ውስጥ አልመጣም። ዓይን የለመደውን ነው የሚያየው።

ማሩ ወደ ግቢው የሚገባውን መንገድ ትቶ ወደ እኛ ታጠፈ። ከእኛ መካከል ወደ ማን እንደሚመጣ ሲታወቅ ፈንታነሽ ተነሣች። እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ እልል አለች። እንዲህ ያለ እልልታ እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም፤ በሠርጓ እንኳ እንዲያ አላለችም ነበር። እልል እያለች ሮጠች፤ እኛም ተከትለን እልል አልን። ማሩ ቆመ። ያለቅሳል። እሷ የደስታ ዕንባ መስሏት እልልታዋን ጨመረች። አጠገቡ ደርሳ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ እንኳ እልል ትል ነበር። ከዚያ ማሩ አንገቱ ላይ ያለውን ጥለት ጨብጦ አሳያት።

«ዘቅዝቄው ነው፣ ፈንታነሽ» አላት። «ዘቅዝቄ ነው የመጣሁት።»

አያ ወልደሚካኤል መንሻቸውን እንደያዙ ከአውድማው ሽቅብ ወጥተው ደረሱ። ማሩ መሬት ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ፈንታነሽ ቆማለች። ያዩትን አዩ፣ ተረዱም።

የተናገሩት ከለቅሶው በኋላ ነው። ሬሳ የለም፤ ወርቁ ወሎ ቀርቷል። ልብሱን አስቀምጠው አልቅሰውለት ሲያበቁ ሽማግሌው በሰው ፊት ተነሥተው፣ በልጄ ሞት እልል ያለች ሴት ከልጄ ቤት ትውጣልኝ አሉ። የአርባው ዕለትም በተዝካሩ ላይ ሚስቱ ሆና እንዳትቀመጥ አሉ። «ያቺ እልልታ ልጄን ሁለቴ ገደለችብኝ» አሉ። ፈንታነሽ ቤቱንም መሬቱንም አላነሣችም። «ሚስቱ ነኝ፤ አርባውን ላውጣለት» ብቻ ነበር ያለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። ዕንባዋ ይወርዳል፣ ከጉሮሮዋ ግን አንድም ድምፅ አይወጣም።

ነገሩ ለኢየሱስ ደብር አለቃ ለአለቃ ቀለመወርቅና ለሽማግሎች ተሰጠ። እኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የኩታው ነው፣ አለቀ። ግን ይህን ባልሁ ቁጥር ሰው ዓይኑን ከእኔ ያሸሻል። ለካ ባለሁለቱን ያልለበሰ ሹም በከተማው አልቀረም፤ ላዩን ከታቹ እለያለሁ ያላለም የለም። አያ ወልደሚካኤልም ይህን ይዘዋል። «ዓይን ያለው ይለየዋል ተብሏል» ይላሉ። «ባላገር ብትሆን ባልፈረድሁባት። ፈታይ ናት! ክር ውስጥ ነው ያደገችው።»

እንግዲህ የቀረው ጌጡ ነበር። እሱ ራሱ ቀርቦ አይለይም ካለ ነገሩ ያበቃል። ሄድሁበት።

ሰው አስወጥቶ ብቻውን አነጋገረኝ። ስለ ፈንታነሽ ስነግረው አቀርቅሮ ሰማኝ፤ ያዘነ ይመስለኛል፣ አልዋሽበትም። ሲመልስ ግን፣ «እትዬ፣ ስሜን በገዛ እጄ ልቅበረው?» አለኝ። «ደጃዝማች ሰሞኑን ይገባሉ። ግቢው ሁሉ የእኔን ሥራ ለብሶ ሊቀበላቸው ነው። ሐዘንና ደስታ የማይለይ ልብስ ሠራሁ ብዬ በአደባባይ ልናገር? ነገ ማን ይለብስልኛል? እንደ ድሮዬ ልጅ ሲሸፈንብኝ ልኑር?»

«ይህ ስም ምን ያደርግልሃል?» አልሁት።

«አንቱ አያውቁትም» አለ። «ገበታ ላይ አብሬ ስቀመጥ ሰው የማይነሣው በዚህ ስም ነው።»

እውነቱን ነበር። ሸማኔ ስለሆነ ብቻ ሰው ምን እንዳደረገው አይቻለሁና። ግን ተናድጄ ነበር፣ ንዴቴ ደግሞ አፌን ያስረዝመዋል። የሚለብሰውን ሰው ከኩታው አስቀድሞ የሚያስብ ሸማኔ እንደነበር፣ አሁን ግን ስለዚያ ሰው ጨርሶ እንደማያስብ፣ ሰው ለእሱ ኩታ መስቀያ እንደሆነ ነገርሁት። የመጀመሪያው ኩታው እስካሁን ዓይኔ ላይ እንዳለ፣ ከዚያ ወዲህ የሠራውን ግን አንዱን ከአንዱ መለየት እንደማልችል ነገርሁት። እመጣለሁም አልመጣምም ሳይለኝ ተለያየን።

ሽማግሎቹ በደጀ ሰላሙ የተሰበሰቡ ዕለት ጌጡ መጣ። በበቅሎው ነው የመጣው፣ ጥላውም አሽከሮቹም አሉ። ባለሁለቱን ለብሷል፤ ቋጠሮዋ ደረቱ ላይ ጉብ ብላለች። ሳየው ተስፋ ቆረጥሁ። እንዲህ ለብሶ የመጣ ሰው ለስሙ እንጂ ለሌላ አልመጣም አልሁ በልቤ።

ማሩ ቀርቦ በመስቀሉ ምሎ፣ እንደ ደንቡ ዘቅዝቄ ነበር አለ። አያ ወልደሚካኤል እንግዲያው ፈታይ ናትና ማየት ነበረባት አሉ። አለቃ ቀለመወርቅ ማሩ የዚያን ዕለት የለበሰውን ኩታ አስመጡና ወደ ጌጡ ዞሩ።

«ላይኛው ጥለት በአንድ ክር ይበልጣል ብለሃል አሉ። እውነት ነው?»

«ብያለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው አሳየን። ላዩ የቱ ነው?»

ጌጡ ኩታውን ተቀበለ። አንዱን ጥለት በጥፍሩ እየገለጠ ክሩን ይቆጥር ጀመር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሌላውን ቆጠረ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ሰው ደስ ያለውን ቢናገር የሚያርመው የለም። ላዩ ይህ ነው ብሎ አንዱን ቢይዝ ሽማግሎቹ አይለዩትም፣ የለበሱትም መኳንንት አዎ ይላሉ፣ ስሙም እንዳለ ይኖራል። ፈንታነሽ ግን የዚያኑ ዕለት ጓዟን ትጠቀልላለች። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጁን እጁን ታየው ነበር።

ጌጡ ኩታውን ዘርግቶ ለበሰው። አወለቀ፣ ዘቅዝቆ መልሶ ለበሰው። ያው ነው። ከተሰበሰቡት ወጣቶች አንዱን ሳቅ አፈነው፤ ሌላው ጎሸም አደረገው። ከዚያ ጌጡ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ በክንዱ ላይ አጠፈው።

«የለም» አለ።

«ምኑ ነው የሌለው?» አሉ አለቃ።

«ክሩ። አንድ ይጨመር ብዬ አዝዤ ነበር፤ አልተጨመረም።» ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበርና ሽማግሎቹ አንገታቸውን አስግገው አዳመጡት። «አባቶቼ፣ ይህን ኩታ እኔ አልሠራሁትም። መወርወሪያ ከያዝሁ ቆይቻለሁ። ልጆቹ ሠርተው ያመጡልኛል፤ ቋጠሮዋን እቋጥርበታለሁ። ቋጠሮዋ ብቻ ናት የኔ። አንዱንም ገልጬ አላየሁም። ዓይን ያለው ይለየዋል ያልሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው እኔ ራሴ አልለየሁትም። ልጅቱ ምን ታድርግ?»

ጉምጉምታ ተነሣ። ባለሁለቱን ከለበሱት አንዱ ቀስ ብሎ ቋጠሮዋን ወደ ውስጥ ሲመልስ አየሁት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። ጌጡ ማንንም አላየም፣ እኔንም ጭምር። ኩታውን ለማሩ መልሶ ወደ በቅሎው ሄደ፤ አልተቀመጠባትም፣ ልጓሟን ይዞ ዳገቱን በእግሩ ወረደ። አሽከሮቹ ጥላውን ይዘርጉት ወይስ ይሰብስቡት ግራ ገብቷቸው ተከተሉት። ያን ጊዜ ልጠራው ፈልጌ ነበር። ሳይሠራ የኖረውን ሁሉ በዚያች ቀን ሠራው ብዬ አስቤአለሁ፣ አሁንም እንዲያው አስባለሁ። ግን አልጠራሁትም።

አለቃ ቀለመወርቅ ከሽማግሎቹ ጋር ብዙ አልተማከሩም። ሴቲቱ ጥፋት የለባትም፤ በባሏ ቤት ትኑር፣ አርባውንም ሚስቱ ሆና ታውጣ አሉ። ወደ አያ ወልደሚካኤልም ዞረው፣ «ተቀበልህ?» አሏቸው።

ሽማግሌው የተቀመጡበትን ድንጋይ በበትራቸው ይነካካሉ። አለቃ ደግመው ጠየቋቸው። እኔ ይግባኝ ሊሉ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ።

«እኔ አውድማ ላይ ነበርሁ» አሉ በመጨረሻ። የሚናገሩት ለአለቃ አልነበረም፤ ለፈንታነሽ ነው። «ድምፅሽን ሰማሁ። ልጄ መጣ አልሁ። እሰይ! አልሁ። መንሻዬን ወደ ላይ ወርውሬ ቀለብሁት፤ በሬ ነጂዎቹ ሁሉ አይተውኛል። እየሳቅሁ ነው ሽቅብ የሮጥሁት። አንቺ ዝም አልሽ። አንቺ ዝም ካልሽ በኋላም እኔ እሰይ፣ እሰይ እያልሁ ነበር የምወጣው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

«ያንቺን ስከስ የራሴን የሚሰማብኝ የለም ብዬ ነው» አሉ።

ፈንታነሽ ከጥጓ ተነሥታ መጣች። አጠገባቸው ስትደርስ ቁጢጥ ብላ እንደ እንግዳ ሰው ፊታቸውን አየችው።

«አባቴ» አለች፣ «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ ጥላ ጮኻ አለቀሰች። ከዚያ የእልልታ ቀን ወዲህ የልቅሶ ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማን ያን ጊዜ ነው። አያ ወልደሚካኤልም እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው አብረዋት አለቀሱ። አለቃ ቀለመወርቅ ሰው ሁሉ እንዲወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ እኛም አንድ በአንድ ወጥተን ሁለቱን እዚያ ተውናቸው።